ምዕራፍ 6፦ ዳገት የሚወጣ ጠባሳ

በላስታ ነፍሰ ጡር ሴት መንገድ ላይ ስትታይ የሚያውቃትም የማያውቃትም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ሳይላት አያልፍም። የምርቃቱ መድረሻ እናቲቱ ናት፤ እሷ ከጭንቋ እንድትወጣ ነው የሚለመነው። ይህ ምዕራፍ የሚከተለውም እሷን ነው፤ ከማዋለጃው አልጋ እስከ ቤቷ ደጃፍ፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ምጧ ድረስ።

በኩልመስክ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ወጣት በሐሳባችን እንያዝ። ስም አንሰጣትም። ምጧ ሌሊት ጀመረ፤ ነጋ፤ ደግሞ መሸ። ጎረቤት ተጠራርቶ በወሳንሳ ተሸከማትና አምቡላንስ ወደሚደርስበት ጥርጊያ መንገድ አወረዳት። ኩልመስክ ከወልዲያ በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ለገና ምእመናን ስንቃቸውን ቋጥረው በእግራቸው ላሊበላ የሚወርዱበት ያው ተራራ፣ ያው ገደል፣ በክረምት ጭቃ ምጥ የያዛትን ሴትም ያስተናግዳል። ላሊበላ ሆስፒታል ስትደርስ የልጁ ጭንቅላት ተቀርቅሮ ነበር። በቀዶ ሕክምና ወለደች። ልጁ አለቀሰ፤ እሷም ተረፈች። መንደሯ ስትመለስ እልልታው ቀለጠ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተባለች።

ሆስፒታሉ መዝገቧን ዘጋ። እሷ ግን ማኅፀኗ ላይ የተሰፋ ጠባሳ ይዛ ነው ዳገቱን የወጣችው። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ምጥ ሲመጣባት ያን ጠባሳ ይዞ ይወጥረዋል፤ ያን ጊዜ ሆስፒታሉ የሚርቃት ዛሬ የራቃትን ያህል ነው። ስለ ወሊድ ሕክምና አደጋ ስናወራ ይህን ርቀት እንረሳዋለን። አንድ የሕክምና ድርጊት አደገኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ድርጊቱ በተፈጸመበት ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ለላስታ ሴት ግን መልሱ መንገዱም ላይ ነው።

በቅድሚያ ሆስፒታሉ ከምን እንዳዳናት በግልጽ እንናገር። የተቀረቀረ ጭንቅላት የእናቱን የሽንት ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲቆይ፣ ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል። ከቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ተገንጥሎ ይወድቅና ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፌስቱላ የምንለው ይህ ነው። ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1959 አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ ይህን ጉዳት በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ አገሩን አልለቀቁም። ጥገናው ማለቂያ እንደሌለው ስለተረዱ ደግሞ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ። ስለ ጣልቃ ገብነት አደጋ የሚጽፍ ሰው እነዚያን ሴቶች ከፊቱ ካላስቀመጠ ወላዶችን ይበድላል፤ እኔም ይህን ሳልል አንዲት መስመር መጻፍ አልፈልግም።

በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ አሉ። የእናቶች ሞትም በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ዳገት እየወጡ ያመጡት ለውጥ አለበት። ሆኖም ያን ሁሉ ዘመን ስንቆጥር የኖርነው ሴቲቱ ተቋም መድረሷን ነው። ከደረሰች በኋላ ምን ተደረገላት፣ ምን ተደረገባት የሚለውን መቁጠር ዘገየ።

በዚያው በ2016 ጥናት በቀዶ ሕክምና የተወለዱት በአገር ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንዳስታወቀው፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ የቀዶ ወሊድ ድርሻ ከ10 በመቶ በላይ ማደጉ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት ከመቀነስ ጋር ግንኙነት አልታየበትም። የአገሩንና የአዲስ አበባን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናያቸው በአንድ አገር አንዷ ቀዶ ሕክምና አጥታ ትሞታለች፣ ሌላዋ ሳያስፈልጋት ትቀደዳለች። ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት በ2016 ይህን የዓለም ችግር ሲገልጸው፣ በአንድ በኩል በጣም ትንሽ ሆኖ በጣም የዘገየ፣ በሌላ በኩል በጣም በዝቶ በጣም የቸኮለ ሕክምና ብሎታል። ከባዱ ነገር ሁለቱም አንዲቷ ሴት ላይ ሊደርሱ መቻላቸው ነው። ዘግይታ ትደርሳለች፤ ከደረሰች በኋላ ይቸኮልባታል።

ከማዋለጃ ክፍል ዕቃዎች ሁሉ ይበልጥ ልናውቃት የሚገባን ጣት የማታክል ብልቃጥ አለች፤ ኦክሲቶሲን። እንግሊዛዊው ሔንሪ ዴል በ1906 ከፒቱታሪ ዕጢ የተገኘ ፈሳሽ የነፍሰ ጡር ድመትን ማኅፀን እንደሚያኮማትር አየ። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪንዮ በ1953 ንጥረ ነገሩን በላቦራቶሪ ሠራውና በ1955 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ስሙ ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ፈጣን ወሊድ ማለት ነው። ልጁ እንደወጣ 10 ዩኒት በጡንቻ ስትወጋ ማኅፀን እንደ ቡጢ ይጨበጣል፤ የተከፈቱት የደም ሥሮችም ይታነቃሉ። በዓለም ላይ ወላዶችን በብዛት የሚገድለው የደም መፍሰስ ስለሆነ፣ ያቺ አንዲት መርፌ ስንት አራስ ቤት ከለቅሶ እንዳዳነች መገመት አያዳግትም።

ያቺው ብልቃጥ፣ ያው 10 ዩኒት፣ ልጁ ሳይወጣ በጡንቻ ከተወጋ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ማኅፀን ሲኮማተር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ሲላላ ይመለሳል። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ የሚተነፍሰው በሁለት ምጥ መካከል ነው ማለት ይቻላል። ያለ ልክ የተሰጠ ኦክሲቶሲን ያንን ፋታ ይወስድበታል። ምጡ እየተደራረበ ይመጣል፤ የልጁ የልብ ምት ይወርዳል፤ ሳያለቅስ ሊወለድ፣ ወይም ተርፎ የአንጎል ጉዳት ይዞ ሊያድግ ይችላል። እናቲቱ ከዚህ ቀደም ደጋግማ ከወለደች ደግሞ ማኅፀኗ የበለጠ ስስ ነው። ልጁ በጎን መጥቶ ከሆነ ወይም መንገዱ ከጠበበው፣ የተገደደው ማኅፀን ራሱ ይቀደዳል። ለዚህ ነው ከወሊድ በፊት ኦክሲቶሲን በጉሉኮስ ተበጥብጦ፣ ጠብታው እየተቆጠረ፣ የልጁ ልብ እየተደመጠ፣ ቀዶ ሕክምና በቅርብ ባለበት ቦታ ብቻ የሚሰጠው። የሚንጠባጠበው ከበዛ ይዘጋል። ጡንቻ ውስጥ የገባው ግን ተመልሶ አይወጣም።

መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ቤተሰብ ራሱ ደጅ ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ በማርያም፣ ምጥ ማፋጠኛውን ስጡልን» ይላል። ልመናው ከፍቅር ነው። አዋላጇም ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን የቆመች፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች የሚጠብቋት ልትሆን ትችላለች። በመርፌው የሚጎዳውን ልጅ የሚጎዳው ክፉ ሰው አይደለም። ድካም፣ ልመናና ቀላል መፍትሔ በአንድ ሌሊት ሲገናኙ ነው።

ብልቃጧ ሌላም ጣጣ አላት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ትፈልጋለች፤ ሙቀት ላይ ከቆየች ኃይሏ ይደክማል። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላና አካባቢዋ ሲደርስ መብራት ለወራት ጠፍቷል፤ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማትም ተዘርፈዋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ውስጥ የከረመ ኦክሲቶሲን ደም ማቆም ያቅተዋል፤ ይህ አንዱ ጉዳት ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። የደከመ መድኃኒት የለመደ እጅ ጠብታውን ከፍ ማድረግ ይለምዳል። በማግሥቱ ኃይሉን የጠበቀ ብልቃጥ ሲመጣ ያው የተለመደ መጠን ለአዲሷ ወላድ ከአቅም በላይ ይሆንባታል።

ብዙ ጊዜ መርፌውን የሚጠራው ሰዓት ነው። ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ ሐኪም በ1955 በኒውዮርክ የ500 የመጀመሪያ ልጅ ወላዶችን ምጥ በመስመር ስሎ አሳተመ። ከዚያ ሥራ ተነሥቶ የማኅፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት የሚል ልማድ በዓለም ሁሉ ሥር ሰደደ። ከዚያ ያነሰች ሴት «ምጧ ደካማ ነው» ተብላ መርፌ ይጀመርላታል፤ መርፌው ምጡን ያበረታል፤ የልጁ ልብ ይረበሻል፤ ልቡ ስለተረበሸም ቀዶ ሕክምና ይታዘዛል። አንዱ ድርጊት ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። በመጨረሻ «ሆስፒታሉ ባይኖር ልጁ ይሞት ነበር» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን መነሻው ትዕግሥት ማጣት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የሚለው መለኪያ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ፣ እሱ ብቻውን ለጣልቃ ገብነት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ተናገረ። ንቁ የሚባለው ምጥ የሚጀምረውም ከ5 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ በመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት መቆየቱ የተለመደ እንደሆነ አስቀመጠ።

ሰዓት ግን ጠላት ብቻ አይደለም። በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በዛሬዋ ዚምባብዌ በሐራሬ ሆስፒታል የፍሪድማንን መስመር ለሌላ ሥራ አዋሉት። በየገጠሩ ብቻዋን የምታዋልድ አዋላጅ ሴቲቱን መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባት ማወቅ ነበረባት። ስለዚህ ሁለት መስመር አሰመሩ። አንደኛው የማንቂያ መስመር ሲሆን ሲታለፍ መኪና ይጠራል። ሁለተኛው የእርምጃ መስመር ከእሱ 4 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ያ 4 ሰዓት ለመንገዱ የተተወ ጊዜ ነው። ፓርቶግራፍ የምንለውን ወረቀት የምወደው ለዚህ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ፣ የገጠር መንገድን አስቦ የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 በታተመ ጥናት በደቡብ ምሥራቅ እስያ በ35,484 ወላዶች ላይ ሲፈትሸው የተራዘመ ምጥ ከ6.4 ወደ 3.4 በመቶ ወረደ፤ ምጥ ለማፋጠን የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም ከ20.7 ወደ 9.1 በመቶ ቀነሰ። በደንብ የተያዘ ሰዓት መርፌን አሳነሰ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ወረቀቱ በምጡ ሰዓት ከተሞላ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ለመዝገብ ሲባል የተሞላ ፓርቶግራፍ ማንንም አላዳነም።

ስለ ሌሎቹ የማዋለጃ ክፍል ልማዶች ባጭሩ ልለፍ፤ ማስረጃው ግልጽ ነውና። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ሆድ ከላይ በእጅ መጫን በ2018ቱ መመሪያ አይመከርም። ሁሉንም ወላድ እንደ ደንብ በመቀስ መክፈትም አይመከርም። ሴቲቱ በወደደችው አኳኋን መውለድ ትችላለች። ይህ የመጨረሻው ለደጋ ሴት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እናቷ የወለደችው ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ሴቶች ከኋላዋ ደግፈዋት ነበር። እሷ ግን በብረት አልጋ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ፣ እግሯ ተከፍቶ፣ ብቻዋን ትወልዳለች። የምትወዳት አንዲት ሴት አጠገቧ ሆና እጇን መያዟ ቀዶ ሕክምናን እንደሚቀንስና ምጥን እንደሚያሳጥር ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ የጥናቶች ማጠቃለያ በ2017 አሳይቷል። ይህ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው ሕክምና ነው። እናቷን ከበር ላይ የሚመልስ ዘበኛ መድኃኒት እየመለሰ ነው።

አሁን ወደ ጠባሳው እንመለስ።

የደጋዋ ወጣት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ኢትዮጵያ ከ2009 ጀምሮ የጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ አሠልጥና በየወረዳው ሆስፒታል ባታሰማራ ኖሮ፣ እንደ እሷ ያለችው ሴት ወልዲያ ወይም ደሴ ሳትደርስ ታልፍ ነበር። ይሁንና ቀዶ ሕክምና በአፍሪካ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማወቅ አለብን። በ22 የአፍሪካ አገሮች፣ በ183 ሆስፒታሎች፣ 3,684 በቀዶ ሕክምና የወለዱ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በ2019 ታትሟል። ከ1,000 ሴቶች 5ቱ ሞተዋል፤ ይህም ከበለጸጉት አገሮች በ50 እጥፍ ይበልጣል። ለሞት ከዳረጓቸው መካከል የደም መፍሰስና ማደንዘዣ ነበሩበት። ቢላው በለንደንም በላስታም አንድ ነው። የሚለየው ደም ባንኩ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚጠራው ሁለተኛ ባለሙያ ነው።

ፌስቱላም ራሱ መልኩን እየለወጠ ነው። በ11 አገሮች የታከሙ 5,959 ሴቶችን መዝገብ የመረመረ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከ100 ታካሚዎች በ13ቱ ላይ ቀዳዳው የመጣው ከምጥ ሳይሆን ከቀዶ ሕክምና እንደሆነ አግኝቷል። ለሁለትና ሦስት ቀን ያማጠች ሴት ሆድ ሲከፈት ፊኛዋ አብጦ፣ ሥጋዋ ሳስቶ፣ የሽንት ቧንቧዋ ከማኅፀኗ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። የቸኮለ መቀስ ወይም አንድ ስፌት ቦታ ስቶ ይገባል። ሐምሊኖች ሊያስቀሩት የደከሙለት ጉዳት በመድኃኒቱ በኩል ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። መፍትሔው ቀዶ ሕክምናን መሸሽ አይደለም፤ ሴቲቱ በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን እንድትደርስ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ መንገዱና ቢላው አንድ ጉዳይ ይሆናሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቀጣዩ እርግዝና ነው። አዲስ አበባ ያለች ሴት አንዴ በቀዶ ሕክምና ከወለደች በሁለተኛው እርግዝናዋ ሐኪሟ ጠባሳውን ያውቀዋል፤ ምጧ ሲጀምር ሆስፒታል ናት። አንድ ጊዜ የተቀደደ ማኅፀን በቀጣይ ምጥ የመተርተር ዕድሉ ከ200 ሴቶች በአንዷ አካባቢ ነው። በከተማ ይህ የሚያዝ አደጋ ነው። ከመንደሯ ሆስፒታል ለመድረስ ግማሽ ቀን ለሚፈጅባት ሴት ግን ያቺ አንዷ መሆን ሞት ነው። ቀዶው በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ሌላ አደጋ ይከተላል። በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጁ ከማኅፀን በር ላይ፣ በጠባሳው ላይ ከተተከለ ሥር ሰዶ ሥጋዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የእንግዴ ልጁ ከማኅፀን በር ላይ በተተከለባቸው ሴቶች ላይ ይህ የሚደርሰው ገና ጠባሳ ከሌለባቸው ከ100 በ3ቱ፣ አንድ ጠባሳ ካለባቸው በ11ዱ፣ ሁለት ጠባሳ ካለባቸው በ40ዎቹ ነው። ደጋግሞ በሚወለድበት ደጋ፣ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ውሳኔ የቀጣዮቹ ወሊዶች ሁሉ ውሳኔ ነው። ሳያስፈልግ የተደረገ ከሆነ ዕዳውን የሚከፍሉት ገና ያልተጸነሱ ልጆች ናቸው። ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ማኅፀናቸው ጠባሳ ያለበት ሴቶች ምን ተሰምቷቸው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ርቀቱን የሚያሳጥር የታወቀ ዘዴ አለ። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ፣ አደጋ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከመውለጃቸው በፊት መጥተው የሚያርፉበት ቤት ከሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያስተናግዳል። ወሳንሳ አያስፈልግም፤ ምጥ ሲመጣ ጥቂት እርምጃ መሄድ ነው። ጠባሳ ያለባት ሴት ከሌላው ሁሉ ቀድማ ወደዚህ ዓይነት ማቆያ መግባት ይገባታል። ለዚህ ግን ጠባሳ እንዳለባት፣ ምን ዓይነት ጠባሳ እንደሆነ፣ እሷም ባሏም የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ማወቅ አለባቸው።

ዓይነቱ ለውጥ ያመጣል። ማኅፀን ከታች በኩል ወደ ጎን ከተቀደደ፣ ሐኪም አጠገቧ ሆኖ በምጥ መውለድ ልትሞክር ትችላለች። ከላይ ወደ ታች፣ በወፍራሙ ክፍል ከተቀደደ ግን የመተርተር ዕድሉ በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ምጥ ሳይጀምራት መግባት አለባት። ከቆዳዋ ላይ ያለው ጠባሳ ይህን አይናገርም፤ ቆዳው በጎን ተቀዶ ማኅፀኑ በቁመት ሊቀደድ ይችላል። የሚናገረው ከሆስፒታል ስትወጣ የሚሰጣት ወረቀት ብቻ ነው። ያ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በችኮላ፣ በምህጻረ ቃል።

የኩልመስኳ ሴት ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤቷ ትወጣለች። ቤት ስትደርስ ከመስቀሉና ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር ሣጥን ውስጥ ታኖረዋለች። ጎረቤቶቿ ሲጠይቋት «ኦፕራሲዮን ሆንኩ» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ የነገራት ሰው የለም። ወረቀቱ ላይ በአማርኛ አንዲት መስመር ቢጨመርበት፣ «ማኅፀኗ የተቀደደው ከታች በጎን ነው፤ በሚቀጥለው እርግዝና በስምንተኛው ወር ወደ ሆስፒታል ትምጣ» ቢል፣ የጻፈውም ሰው ከመውጣቷ በፊት ተቀምጦ ቢያነብላት፣ ሣጥኑ ሲከፈት አማቷም ልጇም ሊያነቡት ይችላሉ።